9.77፦ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተምሮ እንጀራ ስለመብላት

የፍሬሽማን ዓመት ሲያልቅ ተማሪው የሚሞላው የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ ከግቢ ግቢ ብዙም አይለያይም። ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ሳይንስ ላይኛውን ረድፍ ይይዛሉ። ኬሚስትሪና ጂኦሎጂ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ፊዚክስ ደግሞ ከታቾቹም ታች ነው። ስለዚህ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ብዙዎቹ መርጠውት ሳይሆን ደርሷቸው የገቡ ናቸው። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ግቢ የሚገባው ተማሪ ስለሳሳ የእነዚህ ዲፓርትመንቶች ወንበር የባሰውን ባዶ ሆኗል። ይህ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥቅም አለው። ድሮ አንድ ሚዛን ለሃያ ሰው ይከፋፈል በነበረበት ላብ ውስጥ ዛሬ ዕቃውን በእጅ ለመንካት ጊዜ አለ።

«ፊዚሲስት እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ የለም ማለት ይቻላል። ማስታወቂያው የሚፈልገው የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ፣ የካሊብሬሽን ባለሙያ፣ ላቦራቶሪ አናሊስት፣ የጨረር መከላከል ባለሙያ ወይም የሜትሮሎጂ ባለሙያ ነው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ይላል። የሥራ መደቦቹ ስም ይለያይ እንጂ ደመወዝ የሚከፈልበት ነገር አንድ ነው፤ ቁጥር ማውጣትና ባወጡት ቁጥር ሥር መፈረም። አራት ዓመት የተማረ ሰው ይህን ካልቻለ ጂፒኤው ምንም ይሁን ምን ከቃለ መጠይቁ አያልፍም። ከቻለ ደግሞ ዲፓርትመንቱ የደረሰው ይሁን የመረጠው ማንም አይጠይቀውም።

ይህ ችሎታ የሚጀምረው ሁሉም ከሚንቀው ላብ፣ ከፔንዱለም ነው። ክር፣ የብረት ኳስ፣ ሜትርና ስቶፕዎች ይሰጣል፤ የመሬት ስበትን አግኙ ይባላል። ብዙ ሪፖርት ላይ ተጽፎ የሚመጣው መልስ 9.8 ወይም 9.81 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ። አራት ኪሎ ላይ ያለው ስበት ግን 9.81 አይደለም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይም 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱም ስበቱን ይቀንሱታልና ትክክለኛው ቁጥር 9.77 አካባቢ ነው። 9.81 የአውሮፓ ቁጥር ነው።

ይህን ልዩነት በክርና በስቶፕዎች መያዝ ይቻላል፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። በ1 ሜትር ክር አንድ ሙሉ ውዝዋዜ ስበቱ 9.81 ቢሆን 2.006 ሰከንድ፣ 9.774 ቢሆን 2.010 ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ የለካ ሰው 0.004 ሰከንድ ሊይዝ እየሞከረ ነው፤ ጣቱ ስቶፕዎቹን ለመጫን የሚዘገየው ግን 0.2 ሰከንድ ያህል ነው። 100 ውዝዋዜ ከቆጠረ ልዩነቱ ወደ 0.37 ሰከንድ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ይታያል። ርዝመቱ የሚለካው ከማንጠልጠያው እስከ ኳሱ መሀል ነው፤ እዚህ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሳት ውጤቱን በ0.1 በመቶ ያዛባል። ክፉው ወጥመድ የውዝዋዜው ስፋት ነው። ኳሱ 10 ዲግሪ ድረስ ተስቦ ከተለቀቀ የውዝዋዜው ጊዜ በ0.19 በመቶ ይረዝማል፤ ይህም የሚሰላውን ስበት በ0.38 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ስህተት ስበቱ በእርግጥ 9.81 በሆነበት አገር እንኳ 9.77 ያስነብባል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ 9.74 ያወጣል። 5 ዲግሪ ሳይሞላ መልቀቅ ነው መፍትሔው።

9.74 ያገኘና ለምን እንደሆነ የጻፈ ተማሪ 9.81 ብሎ ከገለበጠው ይበልጣል። መምህሩ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነበር፤ አንዳንዱ 9.81 ላላመጣ ማርክ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ መምህር ከገጠማችሁ ስሌታችሁን ከሪፖርቱ ጋር አያይዛችሁ አስገቡ፤ ቁጥሩን ግን አትቀይሩ። በነገራችን ላይ አራት ኪሎ ውስጥ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ነው። የማግኔት ወገብ በአቅራቢያችን ስለሚያልፍ እዚህ የሚለካው ቁጥር በጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኝ ነበር። የዚህ አገር ፊዚክስ ከጥንቱም የቦታውን ቁጥር ለመልቀም የተቀመጠ ሥራ ነው።

ስለ ኮርሶቹ ብዙ አልልም፤ ዝርዝሩ ሬጅስትራር ቢሮ ይገኛል። አንድ ነገር ግን አለ። የፊዚክስ ተማሪ የወደቀው ኳንተም ላይ ወይም ኤሌክትሮዳይናሚክስ ላይ ይመስለዋል። የወደቀው ግን ከዚያ ሁለት ሴሚስተር ቀደም ብሎ፣ ማቲማቲካል ሜተድስን ቸክሎ በሲ ያለፈ ዕለት ነው። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ አይገንቫልዩና ፉሪየር በእጅ ካልገቡ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚሸመደድ ጥቅስ ይሆናል። ፋይናል ላይ ያለፈው ዓመት ወርክሺት ከመጣ ይታለፋል፤ ካልመጣ አይታለፍም። የኬሚስትሪ ተማሪ ደግሞ አናሊቲካል ኬሚስትሪን እንደ ቀላል ኮርስ አይቶ ኃይሉን ሁሉ ኦርጋኒክ ላይ ይጨርሳል። እንጀራው ያለው ግን አናሊቲካሉ ላይ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፤ እንደገና ይቀመጣል። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ቢዩሬት (ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበት የመስታወት ቱቦ) መያዝ የማይችል ሰውም ያልፈዋል። ለማለፍ የኮርሶቹን ዋና ዋና ሐሳብ ከመጨረሻው ዓመት መጀመሪያ አንስቶ መከለስ ይበቃል። የመጨረሻውን ሴሚስተር ሙሉ በሙሉ ለእሱ መስጠትና የመመረቂያ ሥራን መበደል ግን ኪሳራ ነው። ቀጣሪ የመውጫ ፈተና ውጤት አይጠይቅም፤ አልፈሃል ወይ ብቻ ነው የሚለው።

ወደ ኬሚስትሪው ስንመጣ ያው ከፍታ እዚህም ይጠብቀናል። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አይፈላም፤ 92 ወይም 93 ላይ ይፈላል። አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ነው የሚለው የመጽሐፍ ቁጥርም ላቡ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሙቀት 32 ሊትር አካባቢ ይሆናል። የአንድን ፈሳሽ ማንነት በመፍያ ነጥቡ እንዲለይ የተጠየቀ ተማሪ ከሠንጠረዡ ጋር ሳያስተካክል ቢያነጻጽር ፈሳሹን በሌላ ፈሳሽ ስም ይጠራዋል።

ፋብሪካዎች ለአዲስ ምሩቅ የሚያቀርቧት የተለመደች ጥያቄ አለች፦ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 1 ሊትር አዘጋጅ። ግማሹ ምሩቅ ቀመሩን ጽፎ 8.3 ሚሊ ሊትር ብሎ ያቆማል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ 37 በመቶ የሚለው አሲድ 12 ሞላር ገደማ ነው። ጠያቂው የሚጠብቀው ግን ቀጣዩን ነው። አሲዱ ይተናል፤ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል፤ ስለዚህ 8.3 ሚሊ ሊትር የሚሰጠው ግምት እንጂ 0.1000 አይደለም። አሲዱ ወደ ውሃ (ውሃው ወደ አሲድ አይደለም) ይጨመርና እስከ ምልክቱ ይሞላል። ቀጥሎ በ270 ዲግሪ ገደማ የደረቀና በዴሲኬተር (እርጥበት በማያስገባ ዕቃ) የቀዘቀዘ ሶዲየም ካርቦኔት 0.2 ግራም ያህል እስከ አራተኛው ዴሲማል ይመዘናል፤ ቀለሙን በሚቀይረው ሜቲል ኦሬንጅ ታይትሬት ይደረጋል፤ ማለት የተዘጋጀው አሲድ ከቢዩሬት በጠብታ ይጨመርበታል። ወደ 38 ሚሊ ሊትር አሲድ መጠጣት አለበት። መጨረሻው ሲቃረብ ብርጭቆው ተፍልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ አለዚያ ቀለሙ ቀድሞ ይቀየራል። ሦስት ጊዜ ተደግሞ ሦስቱ ካልተቀራረቡ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር አይጻፍም። በመጨረሻም ቀኑና የሠራው ሰው ፊርማ ይለጠፋል። ይህን ቆሞ የመለሰ ምሩቅ ሲቪው አንድ ገጽ ቢሆንም ይቀጠራል።

እንግዲህ ሲሚንቶ። አገር ውስጥ ኬሚስት ከሚቀጥሩት ኢንዱስትሪዎች አንዱ ነው፤ ሥራውም የዲግሪውን ዋጋ በደንብ ያሳያል። ምድጃው ሌሊት አይጠፋም፤ ላቡም አይዘጋም፤ ሥራው እያንዳንዱ 8 ሰዓት በሚፈጅ ሦስት ፈረቃ ይሄዳል። የኖራ ድንጋይ፣ ሸክላና የብረት አዘል አፈር ተፈጭተው ወደ 1,450 ዲግሪ ሙቀት ሲደርሱ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር ይሆናሉ። የላብ ባለሙያው በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ናሙና ይወስድና በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ማሽን ኦክሳይዶቹን ያነባል። ከዚያ ካልሲየም ኦክሳይዱን ለ2.8 ጊዜ ሲሊካ፣ 1.18 ጊዜ አሉሚናና 0.65 ጊዜ ብረት ኦክሳይድ ድምር አካፍሎ በ100 ያበዛል። የሚወጣው የቅልቅሉ ቁጥር ከ92 እስከ 98 መሀል እንዲቆይ ይፈለጋል። ከወረደ ሲሚንቶው ደካማ ይሆናል። ከወጣ ምድጃው ሊያቃጥለው የማይችለው ኖራ ይተርፋል።

የተረፈው ኖራ ፍሪ ላይም ይባላል፤ የፈረቃው ኬሚስት እንቅልፍ የሚያጣበትም እሱ ነው። በተፈጨው ክሊንከር ውስጥ ያለው የተረፈ ኖራ በሙቅ ኤቲሊን ግላይኮል ይሟሟል፤ ተጣርቶም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታይትሬት ይደረጋል። ከ1.5 ወይም ከ2 በመቶ ከበለጠ ሲሚንቶው ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ እየሰፋ ይሰነጥቀዋል። ታዲያ ቁጥሩ 2.6 ቢወጣ ምን ይደረጋል? ልምድ የሌለው ሰው ወዲያው ስልክ አንስቶ ለምድጃው (ለኪልኑ) ኦፕሬተር «ነዳጅ ጨምር» ይላል። የተማረው መጀመሪያ ሦስት ነገር ያያል። ናሙናው ከአንድ ትልቅ ጉብታ ተወስዶ ይሆን? የጥሬ ዕቃው ቅልቅል ቁጥር ከፍ ብሎ ነበር? ወይስ ቅልቅሉ ልክ ሆኖ አፈጫጨቱ ሸካራ ነበር? ቅልቅሉ ከሆነ ነዳጅ መጨመር ገንዘብ ማቃጠል ነው። አፈጫጨቱ ከሆነ ወፍጮው ይስተካከላል። ምድጃው ቀዝቅዞ ከሆነ ብቻ ነው ነዳጅ የሚጨመረው። ፍሪ ላይሙ ከመጠን በላይ ሲወርድም ደስ ሊለን አይገባም፤ ከልክ በላይ የተቃጠለ ክሊንከር ይደድራል፣ ወፍጮ ላይም ብዙ መብራት ይበላል።

እዚያው ላብ ውስጥ ፊዚክስ የተማረ ሰውም ቦታ አለው። የኤክስሬይ ማሽኑ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ የታወቀ ይዘት ያለው ናሙና በየጊዜው እየተነበበ ካልታረመ ፈረቃው ሁሉ የማይረባ ቁጥር ሲጽፍ ያድራል። የተጨመቀ ዱቄት ናሙናና በቦሬት የቀለጠ ናሙና ያንኑ ድንጋይ በተለያየ ቁጥር የሚያሳዩት ለምን እንደሆነ የሚገባው ሰው ማሽኑን ይረከባል፤ ደመወዙም ከቁልፍ ተጫኙ ይለያል። ጥንካሬ የሚለካበት ክፍል ውስጥ ደግሞ 450 ግራም ሲሚንቶ፣ 1,350 ግራም ደረጃውን የጠበቀ አሸዋና 225 ግራም ውሃ ተቦክቶ 40 በ40 በ160 ሚሊ ሜትር በሆነ ቅርጽ ይፈስሳል። በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከርሞም በ2ኛው፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራል። የማቆያው ውሃ ለብ ወይም ቀዝቀዝ ካለ የ2ኛው ቀን ውጤት ይዋሻል። ከረጢቱ ላይ 42.5 ብሎ የሚታተመው ቁጥር ከዚህ ክፍል ይወጣል።

ከላይ 225 ግራም ያልነው በየትኛው ሚዛን ነው? ጀርመን አገር ተስተካክሎ የመጣ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ቢሰካ 1 ኪሎውን 996 ግራም ብሎ ያነበዋል። አልተበላሸም፤ የሚለካው ኃይልን ነው፤ እዚህ ያለው ስበት ደግሞ በዚያው በፔንዱለሙ ልክ ያንሳል። ሻጩ ሳያስተካክል ትቶት ከሄደ ወርቅ ቤትም ሆነ ፋርማሲ 4 ግራም በኪሎ ይሳሳታል። ሚዛኑን በታወቀ ክብደት በቦታው ማስተካከል፣ ልኬቱ የሚዋዥቅበትን ወሰን ማስላትና ሰርተፊኬት መጻፍ ካሊብሬሽን የሚባለው ሙያ ነው። በመንግሥት በኩል የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩትና የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አሉ። የላቦራቶሪዎችን ብቃት የሚመለከተውን አይኤስኦ 17025 የተባለውን መስፈርት ለማሟላት የሚጥሩ የግል ላቦራቶሪዎችም እየበዙ ነው። ይህ ለፊዚክስ ምሩቅ ከሁሉ የቀረበ በር ሆኖ ሳለ ብዙው ምሩቅ ስሙን እንኳ ሳይሰማ ይመረቃል። መስፈርቱን ገዝቶ ማንበብ ባይቻል ስለ አንሰርተንቲ (ስለ ልኬት መዋዥቅ ወሰን) አሰላል ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኙትን መመሪያዎች አንብቦ የአንድ ሚዛንና የአንድ ፒፔት ስሌት በኤክሴል ሠርቶ ይዞ መቅረብ ቃለ መጠይቁን ይለውጠዋል።

ቁጥር የሰው ሕይወት የሚነካበት ቦታ የጨረር ሕክምና ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ያከመው በኮባልት 60 ማሽን ነው። ኮባልት በ5.27 ዓመት በግማሽ ይዳከማል፤ በወር ሲሰላ 1 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የሕክምናው ሰዓት ሠንጠረዥ በየወሩ ካልታደሰ በሽተኛው የታዘዘለትን አያገኝም። በቅርብ ዓመታት ኤሌክትሮን አፍጥነው ጨረር የሚያወጡ ሊኒየር አክስለሬተሮች ገብተዋል፤ በክልል ሆስፒታሎችም እየተተከሉ ነው። አክስለሬተር እንደ ኮባልት ቀስ ብሎ አይዳከምም፤ በአንድ ቀን ሊዛባ ይችላል። በዚህ ምክንያት የዕለቱ የመጀመሪያ ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት የጨረሩ መጠን ይፈተሻል፤ በተለመደው መመሪያ ከ3 በመቶ በላይ ከራቀ ሥራ አይጀመርም።

የዋናው ልኬት አሠራር ይህ ነው። ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አዮናይዜሽን ቻምበር ይቀመጣል፤ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨረር ይለቀቅበታል። ቻምበሩ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ የሚቆጥረውም ጨረሩ በአየሩ ውስጥ የፈጠረውን ቻርጅ ነው። አየሩ ከሳሳ ቆጠራው ያንሳል። መሣሪያው ካሊብሬት የተደረገው በ101.3 ኪሎ ፓስካል ነው፤ አዲስ አበባ 76 ላይ ናት። ስለዚህ ንባቡ በ1.33 ገደማ መባዛት አለበት። ፊዚሲስቱ ይህን ቢረሳ ማሽኑ የሚገባውን ያህል የማያወጣ ይመስለውና ከፍ ያደርገዋል፤ ሕመምተኞቹም ከታዘዘላቸው በሲሶ የበለጠ ጨረር ይወስዳሉ። ይህን ማንም አይረሳውም፤ መመሪያው ላይ አለ። ሰው የሚሳሳተው ግፊቱን የት እንዳገኘ ላይ ነው። ስልክ ላይ ያለ የአየር ሁኔታ መተግበሪያም ሆነ የአቪዬሽን ሪፖርት የሚሰጠው ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል የተሰላ ነው፤ 101 ወይም 102 ይላል። እሱን ቀመሩ ውስጥ ያስገባ ሰው ማረሚያውን የሠራ ይመስለዋል፤ ያረመው ነገር ግን የለም። መፍትሔው በራሱ ካሊብሬት የተደረገ ባሮሜትር እዚያው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በባሕር ጠረፍ ባሉ ከተሞች የተማረ ፊዚሲስት ይህን ስህተት ቢሠራ የሚያመልጠው በመቶኛ ጥቂት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሲሶ ነው።

ወደዚህ ሙያ ለመግባት ባችለር አይበቃም። ማስተርስና ቢያንስ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ውስጥ በአሠልጣኝ ሥር የሚደረግ ልምምድ ይፈለጋል። ጣሊያን ውስጥ የትሪየስቴ ዩኒቨርሲቲና አይሲቲፒ (ዓለም አቀፉ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል) በጋራ የሚሰጡት የሁለት ዓመት ማስተርስ አንዱን ዓመት ክፍል ውስጥ፣ ሁለተኛውን ሆስፒታል ውስጥ ያሳልፋል፤ ታዳጊ አገሮችን ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ጨረር የሚጠቀሙ ተቋማትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣንም የፊዚክስ ሰው ይፈልጋል፤ እዚያ ለመግባት ባችለር መነሻ ይሆናል።

መምህርነት ብዙው ሰው የሚያውቀው መንገድ ስለሆነ አላረዝመውም። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ከዲግሪው በኋላ ፒጂዲቲ የሚባለው የመምህርነት ዲፕሎማ ይጠየቃል። ደመወዙ የታወቀ ነው። ከተማ ውስጥ ያለ ጎበዝ የፊዚክስ መምህር በማስጠናት ከደመወዙ በላይ ሊያገኝ ይችላል፤ ወረዳ ላይ ያለው አያገኝም። ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ፊዚክስ ይቀበላል። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት ኦብዘርቫቶሪ እና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይት ዝና አላቸው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ለምስል ትንተና የሚሆን ፕሮግራሚንግ የያዘ ይቀድማል። የጂኦተርማል ዘርፍ ከአሉቶ ላንጋኖ ጀምሮ ጂኦሎጂስትን፣ ጂኦፊዚሲስትንና የውሃና የጋዝ ኬሚስትን አንድ ላይ ያሠራል። አይስላንድ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚሰጠው የስድስት ወር ሥልጠና ኢትዮጵያውያንን ሲቀበል ኖሯል፤ ማመልከቻው ግን በግል ሳይሆን በመሥሪያ ቤት በኩል ነው።

አሁን የመመረቂያ ሥራ። እዚህ ላይ የሚደረገው ምርጫ ከጂፒኤ ይልቅ ቀጣዩን አምስት ዓመት ይወስናል። ዕቃ ስለሌለ ፊዚክስ ዲፓርትመንቶቻችን ወደ ቲዎሪ ያደላሉ፤ ተማሪውም አማካሪው የሰጠውን እኩልታ ከሦስት ጽሑፎች ሰብስቦ ይመረቃል። ላብ ከሌለ በኮምፒውተር መሥራት ይሻላል። ኤሌክትሮኖች በቁስ ውስጥ ያላቸውን ጉልበት የሚያሰላው ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ የሲሊከንን ባንድ ስትራክቸር በደከመ ላፕቶፕም ያሰላል። የተለመደው ስህተት የመጀመሪያውን ውጤት ወስዶ መሮጥ ነው። የስሌቱን ጥራት የሚወስኑትን ከትኦፍ ኢነርጂውንና የኬ ነጥቦቹን ቁጥር ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ጉልበቱ መለወጡን እስኪያቆም ድረስ ማየት ግዴታ ነው። ሌላው ስህተት በዚህ ዘዴ የወጣውን የሲሊከን ባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮን የማይገኝበት የጉልበት ክፍተት) 0.6 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲያዩ መደንገጥና 1.1 እስኪሆን መነካካት ነው። ዘዴው ራሱ ነው የሚያሳንሰው፤ እንዳለ ጽፎ ምክንያቱን ማስረዳት ይበቃል። በዚህ መንገድ ሊኑክስና ፓይተን የለመደ ሰው ፊዚክሱን ቢተወው እንኳ ባንኮችና ቴሌኮሙ የሚፈልጉትን የዳታ ሥራ ይችላል። የኬሚስትሪ ተማሪ ደግሞ ርዕሱን ከፋብሪካ ወይም ከምርት ጋር ያገናኘው፦ በርበሬ ውስጥ ያለ አፍላቶክሲን፣ የሰሊጥ ዘይት ፐርኦክሳይድ ቁጥር፣ የታሸገ ውሃ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን የኢትዮጵያን ቡና በፀረ ተባይ ቅሪት ምክንያት ስታግድ አገራችን የፈለገችው ይህንኑ ችሎታ ነበር።

ውጭ ለመማር ለሚያስቡ አንድ ልማድ ይቅር እላለሁ፤ ለ200 ፕሮፌሰር አንድ ዓይነት ኢሜይል መላክ። አሜሪካ ውስጥ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ፒኤችዲ ተማሪ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ኮሚቴ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ቢወድህም ብቻውን አያስገባህም። ማስተርስ አያስፈልግም፤ በባችለር ይገባል። የትምህርት ክፍያ ይነሣል፤ ላብ በማስተማር ደመወዝ ይከፈላል፤ ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ይወስዳል። ማመልከቻው ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ይዘጋና ትምህርቱ ኦገስት ላይ ይጀምራል። የፊዚክስ ጂአርኢ የሚባለው የመግቢያ ፈተና በብዙ ዩኒቨርሲቲ ግዴታነቱ ቀርቷል፤ የማመልከቻ ክፍያ እንዲቀርላችሁ በጨዋ ኢሜይል ለዲፓርትመንቱ መጠየቅም የተለመደ ነው። ጀርመንና ስዊድን በተቃራኒው ናቸው፤ ፒኤችዲው በማስታወቂያ የሚወጣ ሥራ ነው፣ ማስተርስ ይጠየቃል፣ ለፕሮፌሰሩ በቀጥታ መጻፍም ትርጉም አለው። ማስተርሱ ለሌለውና ቲዎሪው ለሳሳበት ትሪየስቴ የሚገኘው የአይሲቲፒ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ድልድይ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ኑሮውም ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ የተከፈተው የምሥራቅ አፍሪካ አቻውም አለ።

ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይከፈል ወይም በአገልግሎት ሳይሟላ ዩኒቨርሲቲው አይልከውም። ዲሴምበር ላይ ሊያመለክት ያሰበ ሰው ይህን በክረምቱ ይጨርስ። ማመልከቻ ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስካን የተደረገ የተማሪ ቅጂ ይቀበላሉ፤ ኦፊሻሉን የሚፈልጉት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤም ከዚያው ከሬጅስትራር አብሮ ይወሰድ፤ አንዳንድ ቦታ የቋንቋ ፈተናን ያስቀራል። የመቀበያ ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ ከዶላሩ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን መስመር አንብቡ፤ ክፍያው ለ9 ወር ነው ወይስ ለ12? የጤና መድኅኑን ማን ይከፍላል? በየሴሚስተሩ ከደመወዙ ላይ የሚቆረጥ «ፊ» አለ ወይ? ለ9 ወር ከሆነ በመጀመሪያው የእነሱ በጋ (ሰመር) ማን እንደሚያስተዳድራችሁ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።